ሰማንያ ወንበር ለብቻ፦ የማይተባበሩ አባላትን ይዞ ክበብ ማገልገል

የክበባችን ዓመታዊ ስብሰባ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሰማንያ ተጣጣፊ ወንበሮች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት በቴሌግራም ቡድናችን ላይ «ቅዳሜ ወንበር ለመደርደር የምትችሉ ቀደም ብላችሁ ድረሱ» ብዬ ጽፌ ሃያ ሁለት ሰዎች አውራ ጣታቸውን አንሥተውልኛል። አውራ ጣት ነበር የተነሣው፤ ከአልጋው የተነሣ ግን አልነበረም። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ዘርግቼ ስጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ልክ በዚያች ቅጽበት አንድ አንጋፋ አባል ገቡ፣ ዙሪያውን ቃኙና «በግማሽ ክብ ቢሆን አይሻልም ነበር?» አሉኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው እዚህ አልጽፍም። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለሰባት ዓመት ደግሞ ስልሳ አራት አባላት ያሉት የእግር ጉዞና የጨዋታ ክበብ ጸሐፊ ሆኜ በነጻ አገልግያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያሳለፍኩት በብስጭት ነው፤ ማታ አባላቱን በልቤ ስከስ አመሻለሁ፣ ሲነጋ የእነሱን ሥራ ስሠራ እውላለሁ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ቀለል ብሏል። አባላቱ ያው ናቸው፤ እኔ የምጠይቅበትን መንገድ ለወጥኩ። ክበባችሁን እያገለገላችሁ ሰዎቹን መጥላት ከጀመራችሁ የሚከተለውን ሞክሩት።

መጀመሪያ ስለ ገመድ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ያልሰማ የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውንም እኔው ራሴ በየስብሰባው ስንቴ ደጋግሜዋለሁ። ተረቱ እውነት ነው። ሆኖም ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ሰው በእጁ ሲሰጠው ነው። መሬት ላይ ዘርግፋችሁ «እስቲ ተባበሩና አንሡ» ካላችሁ ሃምሳውንም የምትለቅሙት እናንተው ናችሁ።

ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር። ውጤቱ በ1913 ታተመ። አንድ ሰው ለብቻው ሲጎትት ያለው ኃይል መቶ ከመቶ ቢባል፣ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ወደ 93፣ አራት ሲሆኑ ወደ 77፣ ስምንት ሲሆኑ ወደ 49 ከመቶ ወረዱ። ከፊሉ ምክንያት የቅንጅት ጉድለት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይስብም። ከፊሉ ግን ሌላው ይጎትታል ብሎ መለገም ነው። ይህን ቁጥር ያየሁ ዕለት እፎይ አልኩ። ስልሳ አራት ክፉ ሰዎች በአንድ ክበብ አልተሰበሰቡብኝም፤ ስልሳ አራት ሰዎች አንድ ገመድ ይዘዋል።

ለመመሪያችን የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢብ ላታኔ እና ባልደረቦቹ በ1979 ሰዎችን ጮኹ፣ አጨብጭቡ እያሉ ፈተኗቸው። ከሌሎች ጋር አብረው እንደሚጮኹ ሲያስቡ ድምፃቸው ቀነሰ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1981 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ግን የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ሲነገራቸው ልግመቱ ጠፋ። ሰው ድርሻው የሚታይ ከሆነ ይጎትታል። እንግዲህ የጸሐፊ፣ የሰብሳቢ ወይም የአስተባባሪ ዋና ሥራው ገመዱን ቆራርጦ የእያንዳንዱን ጫፍ ለእያንዳንዱ ማስያዝ ነው።

«ማን ይረዳኛል?» አትበሉ

ይህን ጥያቄ ከንግግራችሁም ከጽሑፋችሁም ሰርዙት። ያው ላታኔ ከጆን ዳርሊ ጋር በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች በየክፍላቸው ለብቻቸው ተቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲነጋገሩ አንዱ ድንገት ታሞ ሲወድቅ ይሰማሉ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት መካከል 85 ከመቶው የታመመው ሰው ድምፅ ከመጥፋቱ በፊት ለእርዳታ ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት የተነሡት 31 ከመቶ ብቻ ናቸው። ሰው ሊሞት ነው ተብሎ ሲታሰብ እንዲህ ከሆነ፣ ለወንበር ማን ይነሣል?

እኔ በፊት የምጽፈው «ውድ አባላት፣ ቅዳሜ እገዛ ስለሚያስፈልግ የምትችሉ ሁሉ ተባበሩን» የሚል ነበር። ጨዋ መልእክት ነው፤ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም አያንቀሳቅስም። አሁን ለአንድ ሰው ለብቻው እንዲህ እጽፋለሁ ወይም እደውላለሁ፦ «ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ከእኔና ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ወንበር ትዘረጋለህ? እስከ ረቡዕ ማታ አዎ ወይም አይሆንም በለኝ። ካልተመቸህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ ቅር አይለኝም።»

በዚህ ውስጥ ያለውን ልብ በሉ። የተጠየቀው አንድ ሰው ነው። ሥራው ተለይቷል። የሚጀመርበት ብቻ ሳይሆን የሚያልቅበት ሰዓት ተነግሯል፤ ብዙ ሰው እሺ ከማለት የሚሸሸው መውጫው የማይታይ ሥራ ስለሚመስለው ነው። በመጨረሻም እምቢ ማለት ተፈቅዶለታል። አባላትን ስጠይቅ ብዙ የደከምኩት በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። «ቅር አይለኝም» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ቅር መሰኘት የለም። አንድ አባል አይሆንም ሲለኝ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ባሳጥርበት በሚቀጥለው ጊዜ አዎ ብሎኝ ይቀራል እንጂ እውነቱን አይነግረኝም።

ሥራውንም ሰባብሩት። «የዓመታዊው በዓል አዘጋጅ» የሚል ኃላፊነት ይዤ ሁለት ዓመት ለመንኩ፤ ወሳጅ ጠፋ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ምሽት ተቀምጬ በዓሉ የሚጠይቀውን ሁሉ በወረቀት ስዘረዝር አሥራ ሰባት ቁርጥራጭ ሥራ ወጣው፦ ቁልፍ ተቀብሎ መክፈት፣ ድምፅ ማጉያውን መሞከር፣ በር ላይ ስም መመዝገብ፣ ብርጭቆ ማጠብ፣ ቆሻሻ አውጥቶ መብራት ማጥፋት፣ እያለ ይቀጥላል። አብዛኛው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። አሥራ ሰባቱን ለአሥራ ሰባት ሰው በስልክ አደልኩ። ስልኩ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ አሥራ አራቱ ተገኙ። ለክበብ ይህ ትልቅ ድል ነው፤ መቶ ከመቶ የምትፈልጉ ከሆነ ክበብ ሳይሆን ጦር ሠራዊት ፈልጉ።

አለሁ ብለው ስለሚቀሩት

በግልጽ የሚቃወማችሁ ሰው አያደክምም። የሚያደክመው «አለሁ፣ ምን ችግር አለ!» ብሎ የሚቀረው ነው። አንድ ጊዜ ለጉዞ አርባ አንድ ሰዎች እንመጣለን ብለው አውቶቡስ ተከራየሁ። መነሻው ላይ የቆጠርኩት አሥራ ዘጠኝ ነው። ሹፌሩ ባዶዎቹን መቀመጫዎች በመስታወቱ አይቶ ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው አሠራር ይህ ነው። ድርሻውን ያልከፈለ ሰው መቀመጫ የለውም፤ ስሙ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ዝርዝሩ የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ ይነገራል፣ በተነገረበት ቀንም ይዘጋል። «እሞክራለሁ» እንደ አይሆንም ይቆጠራል፣ ይህንንም ለሁሉም በግልጽ ተናግሬዋለሁ። ሥራ ለያዘ ሰው ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት እደውላለሁ። ጥያቄዬ «ትመጣለህ አይደል?» አይደለም፤ ለዚህ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «በስንት ሰዓት ትደርሳለህ? ቁልፉንስ ከማን ትቀበላለህ?» እላለሁ። ሰዓቱን ራሱ የተናገረ ሰው የመምጣቱ ነገር የተሻለ ነው፤ የማይመጣውም ቢሆን በዚህ ጥያቄ ላይ መንተባተብ ስለሚጀምር ምትክ ለመፈለግ ሁለት ቀን ታተርፋላችሁ።

ነቃፊዎቹ

ወደ ግማሽ ክቡ ሰውዬ ልመለስ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፤ በክበቡ ውስጥ የማይነቅፉት ነገር የለም። በሚቀጥለው ዓመት ቤታቸው ድረስ ሄጄ «ጋሼ፣ የአዳራሹ አደረጃጀት ከእንግዲህ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ማን ይታዘዘኛል?» አሉኝ። ሁለት ወጣቶች መደብኩላቸው። በካሬ ወረቀት ላይ የአዳራሹን ካርታ ስለው፣ በሩንና መስኮቱን ለክተው፣ ከእኔ አንድ ሰዓት ቀድመው ተገኙ። ግማሽ ክቡም አማረ።

ነገሩ ሁሉ ተረት አይምሰላችሁ። ጋሼ ያንን ወንበር ማንም ንክች እንዲያደርግ አይፈቅዱም፤ አንዲት አባል ለታመመ እግሯ ወንበሯን ትንሽ ብታስጠጋ ሰፊ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሆኖም ከሰማንያ ወንበር የአንዷ ጠብ ይሻለኛል።

ሁሉም ነቃፊ እንዲህ አይገኝም። ሥራ ሲሰጡት እጁን አጣጥፎ «ጸሐፊው አንተ አይደለህም እንዴ?» የሚል አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ በጉባኤ ያስወሰንነው ደንብ ረድቶናል፦ ማንኛውም ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ሲመዘገብ ከጎኑ የሚያስፈጽመው ሰው ስም ይጻፋል፤ ስም ያልተገኘለት ሐሳብ «ባለቤት የሌላቸው» በሚል ርዕስ ሥር ይቀመጣል። በመጀመሪያው ስብሰባ በዚያ ርዕስ ሥር ዘጠኝ ሐሳቦች ተመዘገቡ። በአራተኛው ሁለት። አንዳንድ ጥሩ ሐሳብም አብሮ እንደቀረ አውቃለሁ፤ አይናፋር ሰው ሐሳብ ኖሮት መሪነት ይፈራል። ስለዚህ ከስብሰባ በኋላ እንዲህ ያሉትን በግል ማነጋገር ያስፈልጋል።

መዋጮ ስለማይከፍሉት አጭር ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ኤሊኖር ኦስትሮም የግጦሽ መሬትን፣ የመስኖ ውኃንና የመሳሰለውን በጋራ የሚጠቀሙ ማኅበረሰቦችን ሲያጠኑ፣ ለረጅም ጊዜ የጸኑት ቅጣታቸው ቀስ በቀስ የሚከብድ እንደሆነ አይተዋል። እኛም ያዋጣን ይህ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ ያዡ በግል ያስታውሳል፤ ከዚያ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ከዚያ በጉዞ ምዝገባ ላይ ቅድሚያ ይታጣል፤ መባረር መጨረሻ ላይ ነው፣ በሰባት ዓመት ውስጥም አልደረስንበትም። ገንዘብ የቸገረው አባል ካለ ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም። ቀድሞ ለገንዘብ ያዡ ሹክ ካለ ይበቃል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም።

የራሳችሁ እጅ

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ለአባላት አለመተባበር አስተዋጽኦ ካደረጉት ሰዎች መካከል እኔ አንዱ ነበርኩ።

አንድ ወጣት አባል የወሩን የክበብ ዜና አዘጋጅቶ ላከልኝ። ፊደሉ አልጣመኝም፣ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አልጣሙኝም። ሌሊት ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አስተካክዬ ለአባላቱ በተንኩት። ጠዋት ሲያየው «አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ገጽ አዘጋጅቶ አያውቅም። ለሁለት ዓመት «ወጣቱ ትውልድ ኃላፊነት አይወድም» እያልኩ አማሁት። ሰው የሠራላችሁን ሥራ ደግማችሁ አትሥሩት። የቁጥር ወይም የስም ስሕተት ካለ ነግራችሁ ራሱ ያርመው። የቀረው የእሱ መልክ ነው፣ እንዳለ ይውጣ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይብሳል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ፣ በጉባኤ ላይ ሊያፍር የሚገባውን ላሳፍር ብዬ በዓመቱ ማን ምን እንደሠራ ለመቁጠር ተነሣሁ። የአብዛኛው ሥራ ባለቤት እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም። ለማጣራት ስዞር የጠረጴዛ ልብሶቹን ማን እንደሚያጥባቸው ጠየቅኩ። ለካ አንዲት ዝምተኛ አባል ከእያንዳንዱ ዝግጅት በኋላ ወደ ቤቷ ወስዳ፣ አጥባና ተኩሳ ትመልሳቸው ኖሯል። ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ስለማታውቅ በልቤ «ከማይተባበሩት» መድቤያት ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሚካኤል ሮስ እና ፊዮር ሲኮሊ በ1979 ባለትዳሮችን ከቤት ሥራው ስንቱ በእናንተ እንደሚሠራ ንገሩን ብለው ጠይቀው የባልና የሚስት ድርሻ ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ በልጦ አግኝተውታል። የራሳችንን ድካም ሁሉ እናስታውሳለን፤ የሌላውን የምናየው በአጋጣሚ ነው። ያንን የማሳፈሪያ ሠንጠረዥ ቀድጄ የምስጋና ዝርዝር ጻፍኩ። የጠረጴዛ ልብሶቹን የምታጥበውን አባል ስም ጠርቼ ሳነብ ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች፤ በማግስቱ ደውላ «ሁለት ሰዎች ልርዳሽ አሉኝ» አለችኝ።

አንድ ነገር ይውደቅ

ለአገልጋይ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። እኔ ክፍተቱን ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት እየሞላሁ ክፍተት መኖሩን ማንም እንዳያውቅ አድርጌ ነበር። ሁልጊዜ የሚደርስ ሰው ካለ ለምን ይጨነቃሉ?

ስለዚህ በአራተኛው ዓመት «የሚቀጥለው ወር ጉዞ መሪ ያስፈልገዋል። እስከ 15 ቀን ድረስ መሪ ካልተገኘ ጉዞው አይኖርም» ብዬ አሳወቅኩ። አልተገኘም። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጉዞው ተሰርዟል የሚል አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ወቀሳም ምክርም አልጨመርኩበትም። ስልኬ እስከ ምሽት አላረፈም። «እንዴት ይሰረዛል?» «ልጆቼን ተስፋ አስቆርጠህ!» አንዱ ደግሞ «አንተ ብትመራው ምን ነበረበት?» አለኝ። ለሁሉም መልሴ አንድ ነበር፦ «የሚቀጥለውን ወር ትመራለህ?» እጄን ይዤ ቤቴ የቆየሁበት ያ እሑድ ከሁሉም ጉዞ በላይ ረዘመብኝ። ለሚቀጥለው ወር ሁለት ስም መጣ።

ይህን ስታደርጉ የሚወድቀውን ምረጡ። ቢቀር የሚያሳዝን ነገር ይውደቅ፤ ቢቀር የሚጎዳ ነገር ግን አይወድቅም። የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሳጥን፣ የክበቡ ሒሳብ፣ በጉዞ ላይ ሰው ቆጥሮ መመለስ ለትምህርት መስጫ አይሆኑም። ማስጠንቀቂያውንም ቀድማችሁ በግልጽ ስጡ፤ ሳይነገር የተጣለ ሥራ ቂም ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ቂም ነው።

መውጫውን ከመግቢያው

ዛሬ መታከት፣ መቃጠል የምንለውን ሁኔታ የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በ1974 ሲገልጸው ያየው በኒው ዮርክ ነጻ ክሊኒክ ውስጥ በሚያገለግሉ ሰዎች ላይ ነበር፤ ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እሱም ራሱ ቀን በሙያው ሠርቶ ማታ እዚያ ያመሽ ስለነበር ከደረሰባቸው አንዱ ነው። ለሥራው ግድ የሌለው ሰው አይቃጠልም። በእኔ ላይ ምልክቱ የታየው የአባላት ስም በስልኬ ላይ ሲመጣ ሆዴ ሲቆረጥ ነው። ሌላው ምልክት ደግሞ አንድ ዝግጅት ሳይሳካ ሲቀር በውስጤ ደስ ማለቱ ነበር። ይህ ሁለተኛው ከመጣ አንድ ወር አታገልግሉ፤ ለማንም ሰበብ አትደርድሩ፣ «እስከዚህ ቀን የለሁም» በሉ።

ኃላፊነት ስትቀበሉም የምትለቁበትን ቀን በዚያው ዕለት ተናገሩ። እኔ ይህን ሳላደርግ ሰባት ዓመት ቆየሁ፤ ሲጠይቁኝ «ተተኪ እስኪገኝ» እል ነበር። ወንበሩ ላይ ሰው እያለ ተተኪ የሚፈልግ የለም። ባለፈው ጉባኤ የመጨረሻ ዓመቴ ይህ እንደሆነ አስመዝግቤ፣ ለስድስት ወር ምክትል ሆና አብራኝ የምትሠራ ሰው ተመርጣለች። የጠረጴዛ ልብሶቹ ባለቤት ናት።

የማስረክባትን ደብተር እየጻፍኩ ነው። የአዳራሹ ሁለተኛ ቁልፍ የት እንዳለ፣ ድምፅ ማጉያው የትኛው ሽቦ ሲነካ እንደሚንጫረር፣ አሥራ ሰባቱ ሥራዎች፣ ማን በስልክ ማን በጽሑፍ እንደሚሻለው፣ ለማን ከሦስት ሰዓት በፊት እንደማይደወል። ስለ አባላት ጠባይ የጻፍኩትን አንድ ገጽ አንብቤ ቀደድኩት፤ እሷ ራሷ ትወቃቸው። የወንበሮቹ ጉዳይ ገጽ 14 ላይ ነው፣ የጋሼ ካርታ ተለጥፎበታል። ከሥሩ በእርሳቸው እጅ ጽሑፍ «ንክች እንዳይደረግ» ይላል።